ካንዴላው ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነበር

የልጅ ልጆቼ ሰብሰብ ባሉ ቁጥር «እማማ፣ የመጋዟን ነገር ንገሪን» ይሉኛል፣ እኔም «የሰማችሁትን ደግሞ ምን ልትሰሙ» እያልኩ እግደረደራለሁ እንጂ ውስጤ ደስ ይለዋል፣ ዛሬ ግን ከነመጨረሻው ልንገራቸውና ይውጣላቸው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። ሰው «ወንዝ ዳር ጥላ አየሁ» ሲለኝ «ራትህን በልተህ ነበር?» የምል ነኝ፣ ጎረቤቴ ፍየሏ በስሟ እንደጠራቻት ስትምልልኝ እንኳ «ታዲያ ምን ፈልጋ ነው?» ብያት ስንት ጊዜ ተኳርፈናል።

ቤቴ ከወልቂጤ ወደ ቸሃ ወጣ ብሎ ነው፣ እግሬ ግን አንድ ቦታ አይረጋም፣ አንዱን ሰሞን ወልቂጤ ትልቋ ልጄ ዘንድ፣ ሌላውን ቡታጅራ ትንሿ ልጄ ዘንድ ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቱን ዘግቼ እንድቀመጥ የመከሩኝ ነበሩ፣ እኔ ግን አልዘጋሁትም፣ ምክንያቱም ባሌ የቤቱ ታላቅ ልጅ ስለነበር የቤተሰቡ የመስቀል በሬ የሚታረደው እኛ ደጅ ነው። በኛ ቤት ደግሞ ደንብ አለ፣ በሬው የሚታረድበት ቤት የመስቀሉን ማገዶ ከራሱ ግቢ፣ በራሱ ሰው እጅ ቆርጦ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ከምሮ ማሳየት አለበት፣ ቅጥረኛ የቆረጠው አይቆጠርም። ማገዶው ካልደረሰ በሬው ወደ ታናሹ ቤት ይሄዳል፣ አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። ታናሹ ዋርሳዬ ወልዴ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ደጄ ላይ ሲቆም ዓይኑ በሬው ከሚታሰርበት ግንድ አይነሳም ነበር። በሬው ከሄደ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ወንዶች ልጆቼም ወልዴ ቤት ነው የሚወርዱት፣ የኔ ቤት የእንሰት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ሊቀር ነው፣ ይታያችሁ።

ክንዴ መጥረቢያ አላነሳ ሲል አንዱ ልጄ ትንሽዬ የሞተር መጋዝ ላከልኝ፣ «ለአጎቴ ስጪውና ይቁረጥልሽ» ብሎ። ለወልዴ! በሬዬን ለሚመኘው ሰው! እኔው ያዝኳት። በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌያት ወደ ቡታጅራ ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት «እማማ፣ ሕፃኑ ይታፈናል፣ ፊቱን ግለጡለት» አለኝ፣ ብገልጥለት ጥርሷን አየና እስክንደርስ ድረስ ወደኔ ሳይዞር ቀረ። እዚያ ሸምሱ የሚባል የመስቃን ልጅ አለ፣ የሞተር ብስክሌትና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፣ «አሰላሙ አለይኩም እማማ፣ አሁን እርስዎ ይህን ሊነዱት ነው?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ፣ ስቆ ሲያበቃ ግን አስተማረኝ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ማደባለቅ፣ እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ የካቴናዋን ጥርስ በክብ ሞረድ መሳል። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንደሷ ደስ ያሰኘኝ ነገር የለም። ገመዷን ሳብ ሳደርጋት መጀመሪያ ታስላለች፣ ትንሽ ትኮራለች፣ ከዚያ መዳፌ ውስጥ እንደ ጠገበች ድመት ታንኮራፋለች፣ ግንዱ ላይ ሳሳርፋት ፍቅፋቂው ቀሚሴ ላይ ይዘንባል፣ እኔም ማንም ስለማይሰማኝ እዘፍናለሁ። ባትሠራ እንኳ ደስ ይለኛል፣ ፈትቼ አያታለሁ።

ታዲያ በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲያልቅ፣ ወልዴ ማገዶውን ለማየት ነገ ጠዋት ሊመጣ፣ ከእንሰቱ ጀርባ የወደቀውን ትልቅ ባሕር ዛፍ ገና ግማሹን ብቻ ነበር የቆረጥኩት። ከሰዓት በኋላ የካቴናዋ ዘይት አለቀ። ካቴናዋ በደረቁ ከሄደች ትቃጠላለች፣ ወልቂጤ ወርጄ ልመለስ ብል ይመሻል። ምን ላድርግ፣ ለመስቀል ያስቀመጥኩት ንጥር ቅቤ ነበረኝ፣ ኮሰረት የገባበት፣ እጄን የሚያስቆረጥም ቅቤ። ቅቤ ለሰው ከሆነ ለብረት ምን ያንሳል ብዬ አሙቄ ሞላሁላት። መጀመሪያማ እንዴት ያለ አሠራር! አካባቢው ሁሉ ክትፎ ክትፎ ሸተተ፣ ውሾች ከየቤቱ መጥተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። ወዲያው ግን ጭስ በጭስ ሆነችና ቀጥ አለች፣ ገመዷን ብስብ ብስብ ወይ ፍንክች።

ቤት አስገባኋት። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግኩትና እንዳይጠፋብኝ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት፣ ካቴናዋን ከቅቤው ትላቀቅ ብዬ ነጭ ጋዝ ያለበት ሳህን ውስጥ ዘፈዘፍኳት፣ እሷን ራሷን ሆዷን ከፍቼ ማዳበሪያ ላይ አስተኛኋት። ስንቅነሽ፣ የወልዴ ሚስት፣ ልታጽናናኝ መጥታ እሳት ዳር ተቀምጣለች፣ የባሏ ቤት በሬ ሊያገኝ ነው፣ እሷ ግን ከኔ ብሳ ታዝናለች፣ በዓሉ እሷ ቤት ከሆነ ሥራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቃለቻ።

መሸትሸት ብሎ ደጁ ላይ ዓይን ለዓይን መተያየት እንዳቃተ፣ ከእንሰቱ ጀርባ አንድ ነገር አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ትርርርር አለ።

«እትዬ፣ ሞተርሽ ናት» አለች ስንቅነሽ።

«ሞተሬማ ይቻትና!»

ሁለታችንም ዞረን አየናት። ማዳበሪያው ላይ ተኝታለች።

«ሌላ ሰው ገዛ እንዴ?»

«በዚህ አገር ከኔ በቀር ማን አብዷል?»

ድምፁ ግንድ ሲነካ ይወፍራል፣ ቆርጦ ሲወጣ ይቀጥናል፣ ልክ እንደኔ አቆራረጥ፣ እኔ ጫፉ ላይ ስደርስ ትንሽ ለቀቅ አደርጋታለሁ፣ እሱም ለቀቅ ያደርጋል። ቀጥሎ በበሩ ስንጥቅ ሽታ ገባ።

«ኮሰረት ነው» አለች ስንቅነሽ፣ «ማርያምን፣ ኮሰረት ነው የሚሸተው!»

«ዝም በይ!»

«እኔ ዝም ብል እሱ ዝም ይላል?»

ስንቅነሽ ክንዴን እንደ ጨቅላ ይዛኝ እሳቱ ዳር ቁጭ ብለን ሰማነው፣ እኔም ያን ጊዜ ነው እጄ ሳላውቀው ወደ ነጠላዬ ጫፍ የሄደው። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ካንዴላውም ውስጡ አለ። ግን ይሞቃል፣ አሁን ከሞተር ላይ እንደተፈታ ይሞቃል። ስንቅነሽን አስነካኋት፣ ነካችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ድምፁ ሲቆም ባትሪ ይዘን ወጣን፣ ማለቴ እኔ ወጣሁ፣ እሷ ቀሚሴን ይዛ ተጎተተች። ባሕር ዛፉ አልቋል። ከነቅርንጫፉ አልቋል፣ እኩል እኩል ተቆርጦ ተደርድሯል፣ ፍቅፋቂው ለብ ያለና ቅቤ የጠጣ ነው። ሰው የለም። ውሾቹ ብቻ ፍቅፋቂውን ይልሳሉ።

ስንቅነሽ ወደ ቤቷ ልትሄድ አልደፈረችም፣ እኔ ዘንድ አደረች። ጠዋት ወልዴ መጣና በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም አለ።

«ግባና ማገዶውን እይ እንጂ» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን ከዚህ ሆነህ?»

«አይቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ልዋሸው አልፈለግኩም፣ በዋሸሁበት ማገዶ የተጠበሰ ሥጋ እንዴት ይዋጥልኛል። «ወልዴ፣ እውነቱን ልንገርህ» አልኩት፣ «ግማሹን ነው የቆረጥኩት። ሌላውን እኔ አልቆረጥኩም።»

«ቆርጠሻል።»

«አልቆረጥኩም ስልህ!»

«ቆርጠሻል እትዬ! ለምን ትከራከሪኛለሽ?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ማታ ይቺ ሴት የት ነበረች?»

«እኔ አጠገብ፣ እሳት ዳር» አለች ስንቅነሽ። «ድምፁ እስኪቆም ክንዷን አለቀቅኩም።»

ወልዴ ሁለታችንንም አፈራርቆ አየን፣ ከዚያ እጄን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። «በሬው እዚሁ ይታረድ» ብሎ ሄደ። ነገሩም በዚያው ቀረ፣ ዳግመኛ ስለ በሬ አንስቶ አያውቅም፣ ከኔ እጅ ዕቃ ሲቀበል ግን በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚቀበለው። እርጥቡ ባሕር ዛፍ በመስቀል ዕለት አንዲት ጭስ ሳይኖረው ነደደ፣ ልጆቼም ሁሉ መጡ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ ማገዶው እንኳ ይጣፍጣል» እያሉ በሉ።

ከበዓሉ በኋላ ሸምሱ ዘንድ ወሰድኳት። ከፈታት በኋላ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ ይህ ሞተር ነው ወይስ ክትፎ? የዘይት መውጫው እንደ ሻማ ረግቷል! ካቆመች በኋላ አስነስተዋታል?» «አላስነሳኋትም።» «ካንዴላውንስ?» «ያኔ ጠርጌ ቋጠርኩት፣ ከዚያ ወዲህ አልገጠምኩትም።» ካንዴላውን ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው፣ ሳቁ ጠፋ። «ከተጠረገ በኋላ ሠርቷል» አለኝ፣ «ብዙ ነው የሠራው፣ ጥላሸቱን አያዩም?» ታሪኩን ነገርኩት። መልሶ ሲገጥማት እጁ ፈጠነ፣ እኔ ልጄ ዘንድ ልደርና ነገ ልውሰዳት ስለው «ወላሂ እማማ፣ ሱቄ ውስጥ አታድርም፣ አሁኑኑ ይዘዋት ይሂዱ» አለኝ። እስከ ዛሬ አለች፣ እስከ ዛሬ እቆርጥባታለሁ። ቅቤ ግን አላስነካኋትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወልዴ አረፈ። ልቅሶው ከተነሳ በኋላ ከስንቅነሽ ጋር ብቻችንን ስንቀር፣ «እትዬ፣ ‹በሕይወት እያለሁ እንዳትናገሪ› ብሎኝ ነው እንጂ» አለችኝ፣ «ያን ማታ እኮ ወልዴ እዚያ ነበር። ምን ያህል እንደቀረሽ ሊሰልል በአጥሩ ገብቶ። ከእንሰቱ ጀርባ አንቺን አገኘ፣ ትቆርጫለሽ። ቀና ብለሽም አላየሽውም፣ ‹ወልዴ፣ ያን ጫፍ ያዝልኝ› አልሽው። ያዘልሽ። እስክትጨርሺ ድረስ እየዞረ ያዘልሽ።»

«ስንቅነሽ፣ እኔ እኮ ካንቺ ጋር ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ክንድሽን ይዤሽ።»

ሁለታችንም ወደ በሩ አየን፣ ለምን እንዳየን አላውቅም።

«ታዲያ እሱ ምን ይል ነበር?» አልኳት።

«ምን ይላል፣ እስኪሞት ሲያማርር ኖረ» አለችኝ። «‹ያን ሁሉ ግንድ ይዤላት እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳትለኝ ወደ ጫካው ገባች› ይል ነበር።»