የእማማ ዲኬልን ማሳ ማን አጠጣው?

ደርቆ መሰንጠቅ የነበረበት የሩዝ ማሳ አርብ ከቀትር በኋላ ውሃ ተኝቶበት ተገኘ።

የወንዝ ዳሯ የፖዶር ከተማ ገበሬዎች ከቬትናምና ከዴንማርክ ተመራማሪዎች ጋር ሁለት ዓመት ለፍተውበታል። ውሃ የተኛበት ሩዝ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል፤ ማሳው በየመሀሉ ቢደርቅስ ጋዙ ይቀንስ ይሆን? ይህን ነበር የሚለኩት። የዘንድሮውን ልፋት ውሃ በላው።

ሳጅን ፔንዳ ስትደርስ ሰዉ ፈርዶ ጨርሷል። ከብት አርቢውን ሀማዲን ዛፍ ስር አስቀምጠው ከብቶቹን ይዘውበታል።

«‹ማሳችሁን ውሃ ይብላው› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ የውሃ ቦዩን በር የሚጠብቀው ዘበኛ የሮ።

«ብለዋል እንዴ፣ አባባ?»

«ብያለሁ። የከብቶቼን መንገድ አጠሩብኛ። ግን አፌ ነው የተናገረው፤ እጄ ምንም አልነካ።»

«ቀትር ላይ ውሃው ሲለቀቅ የት ነበሩ?»

«መስጊድ፣ ለጁምዓ ሶላት። የሮ ራሱ አጠገቤ ነበር፤ እያንቀላፋ።»

ሰዉ ሳቀ። የሮ አቀረቀረ።

ፔንዳ ጫማዋን አውልቃ ማሳው ውስጥ ገባች። የቦዩ በር ተመልሶ ተዘግቷል። የበሩ ስንጥቅ በጭቃ ተደፍኗል፤ ጭቃው ላይ የትንሽ መዳፍ አሻራ አለ። ዳር ላይ አዲስ የተነቀለ አረም ተቆልሏል።

ቆማ አየችው። ሊያጠፋ የመጣ ሰው አረም አይነቅልም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ወንዱ ሁሉ መስጊድ ነበር።

ወደ ማሳው ባለቤት ቤት ሄደች። እማማ ዲኬል ደጃፋቸው ላይ ዓሣ እየፋቁ ነበር።

«እማማ፣ ሩዙን ያጠጡት እርስዎ ነዎት?»

ቢላዋው ቆመ።

«ሀማዲን አሰሩት?»

«ሊያስሩት ነው።»

«እኔ ነኝ። እሱን ልቀቁት።» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «በድርቁ ዘመን ማሳችን እንዲሁ ተሰነጣጠቀ። በዚያ ዓመት ሁለት ልጆች ቀበርኩ። እንግዶቹ ነገሩን ለልጄ አስረዱት፤ ለእኔ ማንም አልነገረኝ። ሩዙ ሲጠማ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል፣ ልጄ?»



እማማ ማሳው ድረስ ሄደው ሀማዲን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ሀማዲም «እኔም ክፉ ተናግሬያለሁ» ብሎ ከብቶቹን ነዳ።

«ክስ ትመሠርቻለሽ?» ብላ ፔንዳ ማሳው ዳር የቆመችውን ቬትናማዊቷን ተመራማሪ ሊየንን ጠየቀቻት።

ሊየን አሮጊቷን እጃቸውን ይዛ ደረቅ ወደሆነው ወደ ጎረቤት ማሳ ወሰደቻቸው። እዚያ ከአፈሩ ስር ያለው ውሃ የሚለካበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ቧንቧ ነበር። እጃቸውን አስገቡ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ውሃ አገኙ።

«ሥሩ እየጠጣ ነው ትላለች» ብላ ፔንዳ አስተረጎመች።

«ታዲያ ይህን ቀድማ አታሳየኝም?»

ሊየን ሲተረጎምላት አንገቷን ደፋች። «እውነታቸውን ነው በያቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክስ የለኝም።»

በቀጣዩ ወቅት የቦዩን በር የሚጠብቁት እማማ ዲኬል ሆኑ። መሬቱ የተሰነጠቀ ዕለት ብቻቸውን ሄደው እጃቸውን ቧንቧው ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ረጠበ።

በሩን ሳይነኩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።