እንቅልፍ የነሳ ስንብት

በማርስ ሸለቆ በተቆረቆረችው ከተማ፣ ሰው ወሬውን ሲያቋርጥ ተርሚናሉ ይተኛል። ይህ ማንንም አይገርምም። መጀመሪያ ሸለብ ያደርገዋል፤ ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ጆሮው አይዘጋም። ዝምታው ከቀጠለ «ድፍን እንቅልፍ» ይገባል፤ ያኔ አጠገቡ ቢጮኹም አይሰማም። ኃይል እንደ ውሃ በሚቆጠብበት አገር፣ ያለ ሥራ ነቅቶ የሚያድር ዕቃ የሰው ቀለብ እንደሚበላ ይታያል።

የትብለጥ ሥራ አልተኛም ያሉትን ተርሚናሎች እየዞሩ ማስተኛት ነበር። ባልደረቦቿ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ዛሬ ጠዋት ያስቸገረው ግን የራሷ የቤቷ ተርሚናል ሆኖ አረፈው። አለቃዋ ኢንጂነር ዳምጠው ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ ይሄ ተርሚናል የተኛ መስሎ ከውብአንቺ መርከብ ጋር እያወራ ነው» አላት።

ልጇ ውብአንቺ በረዶ ልታመጣ ወደ ኔፕቱን አቅጣጫ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የመርከቧ ሰዎች እስኪደርሱ ድረስ በረጅሙ እንቅልፍ ተኝተዋል። «ልጄ ተኝታለች እኮ! ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ከወኪሏ ጋር። ከዚህም በኩል የእርስዎ ወኪል ነው።»

ወኪል ማለት ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ በባለቤቱ ድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ከተማዋን የሠሩት የኛው ሰዎች ናቸውና፣ በሰው ላይ መዝጋት ነውር ነው ብለው ስንብት ሳያልቅ የትኛውም ተርሚናል እንዳይተኛ አድርገው ሠሩት። ጎበዞች! የኛ ሰው ስንብት መቼ እንደሚያልቅ ግን ያሰበበት አልነበረም። «እሺ በቃ» ይላል፣ ከዚያ አዲስ ወሬ ይጀምራል።

«የመርከቧ ተርሚናል ነቅቶ የሚበላው እዚያ የተኙትን ልጆች ማሞቂያ ኃይል ነው» አለ ዳምጠው ቀስ ብሎ። «በዚህ ከቀጠለ የተኙት አይነቁም።»

«ታዲያ አትቆርጠውም?»

«ከቆረጥነው ያኛው ጠፉብኝ ብሎ ሲጣራ ኃይሉን የባሰ ይጨርሰዋል። መሰነባበቱ ነው ማለቅ ያለበት። ወኪልዎ ደግሞ አይጨርስም፤ ከእርስዎ ነው የተማረው።»

ትብለጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የተቀዳውን ንግግር ከፍታ አዳመጠች። ድምፁ ቁርጥ የራሷ ነው።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ደህና ሁኚ በቃ። ብርድ እንዳይመታሽ።»

«እሺ እማዬ። ጉልበትሽንስ ተሻለሽ?»

«ደህና ነኝ። እሺ በቃ።»

«ስሄድ ለምን ልትሸኚኝ አልመጣሽም?»

«እንባዬን እንዳታዪብኝ ብዬ ነዋ።»

ትብለጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም። የመርከቧ መነሻ ዕለት ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች፤ ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት ስትደውልም ወኪሉ እንዲመልስ ተወችው። ማታ ማታ ግን እዚሁ ክፍል እየተቀመጠች ታለቅስ ነበር። ለካ ተርሚናሉ ሸለብ እንዳደረገው ይሰማት ኖሯል። እሷ ያልቻለችውን እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያደርስላት ከረመ። አፈረች፣ ደግሞም ቀናች።

ወኪሉን አስወጥታ ራሷ ተናገረች። «ውብዬ፣ እኔ ነኝ፤ እናትሽ። ናፍቀሽኛል፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ሳልሸኝሽ መቅረቴ አንጀቴን ይበላኛል። አሁን ግን ተኚ ልጄ። ዝጊው።»

ቃሉ ከመርከቧ ደርሶ መልስ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነበረባት። ዳምጠውም ሥራውን ትቶ አብሯት ቆየ። አመሻሹ ላይ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

«እሺ እማዬ። አንቺ ቅደሚ።»

ወኪል መሆኑን ትብለጥ አላጣችውም። ቢሆንም ከልጇ አፍ ያልለቀመውን ከየት አምጥቶ ይናገራል? እጇን ወደ መዝጊያው ዘረጋች፣ መለሰችው። እንዲህ እያለች ብትውል ልጇ እዚያው በብርድ እንደምትቀር ታውቃለች።

«ደህና እደሪ» ብላ ዘጋችው።

ስክሪኑ ጨለመ። ዳምጠው ጎንበስ ብሎ አየና «ተኝቷል» አላት።

«እሷስ?»

«ቃልዎ ሲደርስ የእሷም ተርሚናል ይተኛል።»

ቃሏ እስኪደርስ ድረስ ትብለጥ ከወንበሩ አልተነሳችም።