አረንጓዴዋ ባቡር

አቶ ከፈለ በሞቱ በዓመቱ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ሊሸጥ ምድር ቤቱ ሲጸዳ፣ ስድስት ካርቶን ሙሉ ትንንሽ የመጫወቻ ባቡር ተገኘ።

«ዕድሜ ልኩን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ይሄን መች ሰበሰበው? ሌላስ ምን ደብቆኝ ይሆን?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች።

ልጃቸው ሰርክአዲስ ግን ከሆስፒታል ሥራዋ በተመለሰች ቁጥር ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከረች ባቡሮቹን ታጸዳ፣ ፎቶ እያነሳችም «የሟች አባቴ ስብስብ» እያለች ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ትለጥፍ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ልዑልሰገድ የሚባል ወጣት ሁለት ፉርጎ ሊገዛ በቅርብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ መጣ። ዐይኑ ግን እሷ በምታጸዳት አረንጓዴ ባቡር ላይ ቀረ።

«ይቺን አትሽጫት። ሞተሯ ተቃጥሏል እንጂ ብርቅ ናት። ስጪኝና ልሥራልሽ።»

«በስንት?»

«በነጻ።»

በዚህ አገር በነጻ የሚሠራ ሰው አይታ አታውቅም። ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ ቀድሞ አንገቱን የደፋው እሱ ነው። ይሄም አስጠረጠራት። ለምን እንደሰጠችው ራሷም አልገባትም፤ ሲሄድ ግን ስልኩንና አድራሻውን አስጻፈችው፤ በመስኮትም የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አነሳች።

ሁለት ሳምንት «አለቀ?» እያለች ቴክስት አደረገችለት፤ «ትንሽ ቀረኝ» ይላል። ከዚያ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ውሎዋ ይጠይቃታል። ፈገግ ማለቷን ስታውቅ በራሷ ትናደዳለች።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓቷ ስልኳን ስትከፍት፣ አረንጓዴዋ ባቡር ለሽያጭ ቀርባለች። ጎኗ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ ሻጩ ልዑልሰገድ። ከባቡሯም በላይ ያንገበገባት፣ ሳይታወቃት ልጁን ማመን መጀመሯ ነበር። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች።

«የአባቴን ባቡር ልትሸጣት ነው?» አለችው በሩን ሲከፍት።

ግራ ተጋብቶ አስገባት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት፣ የጎናቸው ቁጥር ሳይቀር አንድ የሆነ አረንጓዴ ባቡሮች አሉ፤ አንደኛዋ ሆዷ ባዶ ነው።

«የምሸጠው የራሴን ነው። ማስታወቂያው ሞተር የላትም ይላል፤ አላነበብሽውም?»

ፎቶውን ብቻ ነበር ያየችው። «ሞተሯስ የት ሄደ?»

«ያንቺ ውስጥ። እንዲህ ዓይነቱ አሁን አይመረትም፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።»

ማብሪያውን ሲጫን የአባቷ ባቡር እየተንገጫገጨች ተነሳችና ሐዲዱን ዞረች። 

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«ያን ቀን አንዷን ጎማ ብቻ አምስት ጊዜ ጠረግሻት። አባትሽ ናፍቀውሻል ብዬ አሰብኩ።»

እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ ሌባ ነህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኛል። አሁንስ አመንሽኝ?»

«ገና ነኝ። እሑድ ከቸርች በኋላ ቤት ና፤ እናቴም ትይህ።»

እሑድ መጣ። ወይዘሮ ታደለች ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «የማን ልጅ ነህ? ሥራህስ? እስከ ዛሬ ለምን አላገባህም?» እያሉ አፋጠጡት። ላብ በላብ ሆኖ «እማማ» እያለ መለሰላቸው። በሚቀጥለው እሑድም መጣ፤ በሚቀጥለውም።

ቤቱ ተሽጦ እናትና ልጅ ግሪንቤልት ከተማ አፓርትመንት ሲገቡ፣ ሶፋውን ተሸክሞ ደረጃውን የወጣው እሱ ነው። ወይዘሮ ታደለች ቆመው ሲያዩት ቆዩና የአፓርትመንቱን ትርፍ ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ካሁን በኋላ አታንኳኳ» አሉት።

ሰርጉ በሚያዝያ ሆነ።