በቀኝ በኩል

እመቤት ሲባል ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ባዝራ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ኩራቷ ግን ገና ልጅ ነው። የፈረስ ቤቱን ሌሎች ፈረሶች ሁሉም እንደፈለገ ሲጠራቸው፣ ይቺን ዳማ ባዝራ ግን «እርስዎ» ሳይሏት የሚያልፋት የለም። «እመቤት፣ ዛሬ አልተነሱም እንዴ?» «እመቤት፣ እባክዎ እግርዎን ያንሡልኝ።» ቀልዱን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ እሷ ግን የምሯን ይዛዋለች። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ቀና ብላ አታየውም።

ፈረስ ቤቱ የጡረተኛው ሻለቃ ነው። ሻለቃው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ጥሪት አሟጠው ከከተማው ዳር አንድ ያረጀ ጋጣ ገዙና፣ ከጦር ሜዳ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች ከፈረስ ጋር የሚውሉበት ቦታ አደረጉት። «ማዳኑን ሐኪሙ ያውቅበታል» ይሏቸዋል አዲስ ለመጡት። «የእኔ ሥራ ቀጥ ብላችሁ እንድትቀመጡ ማድረግ ነው።»

አሰልጣኟ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ ከሞቱ ቆይቷል። ሻለቃው ስለ ሟች ባለቤታቸው ብዙ አያወሩም፤ ሲያወሩ ግን መጨረሻቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «እናትሽ በር በሩን እያየች ነው ያለቀችው። አንቺም ወታደር አግብተሽ በር ስትጠብቂ ማየት አልፈልግም።» ልጅቷ ንግግሩን በቃሏ ይዛዋለች። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ከብዷትም አያውቅ።

በዚያ ሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ ወንድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከመቸኮላቸው የተነሳ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ላይ አልወረደም። ልጁ አስር አለቃ ነው። ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወስዶበት በሰው ሠራሽ እግርና በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አሰልጣኟን ሰላም ሳይል አጥሩ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጀርባውን ለፈረሶቹ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«እግሩስ ድኗል» አሉ እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያልዳነው ሌላው ነው፣ ልጄ። ከቤት አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። የስፌት መኪናዬ ሲንኳኳ እንኳ ክው ይልብኛል። እሱ ቤት ካለ በእጄ ነው የምሰፋው፤ ግን እንዳታወሪብኝ፣ አያውቅም።»

ይህን እያወሩ ሳለ እመቤት ከሜዳው መሃል ቀና አለች። አንዴ ጆሮዋን ቀሰር አደረገችና ቀስ እያለች መጥታ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሻግራ አገጯን ከአስር አለቃው ትከሻ ላይ አሳረፈች። ሰውየው ደርቆ ቀረ። በእጁ ስኳር የለ፣ ካሮት የለ።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለ ሳይንቀሳቀስ።

«እኔም አላውቅም» አለች አሰልጣኟ፤ እውነቷን ነበር። «ግን ስለ እሷ እንዲህ ስታወራ ትቀየማለች። እመቤትን አንቱ ነው የምንላት።»

ሰውየው የሚያላግጡበት መሰለውና ፊቱን አጠቆረ። ዞር ብሎ ሲያያት ግን ልጅቷ የምሯን ነው፤ ሻሿ ላይ ድርቆሽ ተሰክቷል፣ ዓይኗ ይስቃል። ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ አስር አለቃው ወደ ባዝራዋ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤት፣ ከተቻለዎ ትከሻዬን ይልቀቁልኝ።»

እናቱ ልጃቸው ሲቀልድ ከሰሙ ረጅም ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ሜትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣ። ሰበቡ መጀመሪያ ብሩሽ ነበር። አሰልጣኟ ከአንገት ወደ ጀርባ እንዴት እንደሚቦረሽ አሳየችው። እመቤት ዓይኗን ከደን አድርጋ ስትተነፍስ፣ የእሱም ትንፋሽ ቀስ በቀስ ከእሷ እኩል ይሄድ ጀመር። መንገድ ላይ መኪና ሲያንባርቅ ትከሻው ሽምቅቅ ይላል፤ ባዝራዋ ድርቆሿን እያላመጠች ጆሮዋን ብቻ ስታወዛውዝ ሲያይ ግን ይረጋጋል።

«እንዴት ነው የማትደነግጠው?» ሲል ጠየቃት አንድ ቀን።

«ትደነግጣለች እንጂ። ግን መጀመሪያ አጠገቧ ያለውን ሰው ታያለች። እሱ ጸንቶ ከቆመ እሷም ትቆማለች።» ዓይኗን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «አሁን ደግሞ አጠገቧ ያለኸው አንተ ነህ።»

አስር አለቃው ብሩሹን አንሥቶ መቦረሹን ቀጠለ። ከቆሰለ ወዲህ ያላገዘው፣ ያልደገፈው ሰው አልነበረም። እሱን የተደገፈ ግን ይቺ ባዝራ የመጀመሪያዋ ናት።

አሰልጣኟ ለድርቆሽ ሥራ ሻሽ መምረጥ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ይህን ቀድሞ ያየው ደግሞ አንድ ዓይኑን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣውና ወሬ ስለማይቆጥብ ጡሩምባ የሚሉት የቀድሞ ወታደር ነበር። «ምነው፣ ድርቆሹ ሠርግ አለበት እንዴ?» ብሎ ጋጣውን በሳቅ ሞላው። ልጅቷ ባልዲዋን አንሥታ ወደ ውሃው ገንዳ ሸሸች። አስር አለቃው ተከተላት።

«ምነው እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ባልዲ ትሞያለሽ?»

«ምነው እኔ ባልዲ ስሞላ ሁልጊዜ ትመጣለህ?»

ተሳሳቁ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቧንቧውን የዘጋ ግን የለም።

«አባትሽን የምጠይቃቸው ነገር አለ» አለ በመጨረሻ። «ግን እንዲህ ሆኜ አይደለም። የምስጋናው ቀን ሲደርስ፣ እንደ ጓደኞቼ ፈረስ ላይ ወጥቼ ፊታቸው ቆሜ ነው የምጠይቃቸው። ተደግፌ ሄጄ ልጅዎን ይስጡኝ አልልም።»

የምስጋናው ቀን የሚባለው ሻለቃው በየዓመቱ የሚያዘጋጁት በዓል ነው። የወታደሮቹ ቤተሰቦች ይጠራሉ፣ የከተማው ሰው ይመጣል፣ ቁስለኞቹ በፈረስ ተሰልፈው ያልፋሉ።

«እና ካልወጣህስ?» አለች።

«ካልወጣሁ አልጠይቅም።»

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፈረስ የሚወጣው በግራ በኩል ነው። ግራ እግር እርካቡ ውስጥ ይገባል፣ የሰውየው ክብደት ሁሉ በእሱ ላይ ያርፋል፣ ቀኙ ዞሮ ያልፋል። ፈረሶቹም ከውርንጭላነታቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው። የአስር አለቃው ግራ እግር ደግሞ የተሠራ ነው፤ እርካቡን ይርገጠው አይርገጠው አይሰማውም።

ሻለቃው ባሉበት፣ ጓደኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሞከረ። እግሩ ከእርካቡ ሾልኮ ወደቀ። አቧራውን አራግፎ ደገመ። አሁንም ወደቀ። ሊያነሣው እጁን የዘረጋለትን ጡሩምባን ገፈተረውና ምርኩዙን ይዞ በሩን ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

«አባባ፣ በቀኝ ቢወጣ ምናለበት?» አለች አሰልጣኟ እንባዋን ዋጥ አድርጋ።

«ፈረስ በግራ ነው የሚወጣው።»

«ለሰው ነው እንጂ ለፈረሱ ምኑ ነው? ይማራል!»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ!» አሉ ሻለቃው። «ሁሉም በግራ ሲወጣ አንድ ሰው ለብቻው በቀኝ ቢወጣ፣ ተመልካቹ የሚያየው ሰውየውን ነው? ጉድለቱን ነው! ወታደሬን በሰው ፊት ለብቻው አላቆመውም።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አባቷን ጨካኝ ናቸው አለች። ምክራቸውንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በየጠዋቱ፣ ሌላው ሰው ሳይመጣ፣ እመቤትን ታወጣት ጀመር። በቀኝ በኩል ስትጠጋት ባዝራዋ ዓይኗን አጉረጥርጣ ትሸሻለች። «አይዞዎት፣ እኔ ነኝ» ትላታለች። መጀመሪያ እጇን ብቻ አሳረፈች። ከዚያ ክንዷን። ከዚያ እርካቡን ረግጣ ተንጠለጠለች። አንዳንዴ የአባቷ መስኮት መጋረጃ የተንቀሳቀሰ ይመስላታል፤ ሻለቃው ግን ምንም አላሏት። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ የሚልኳት ነገር አያጡም ነበር፤ አንድ ቀን መኖ፣ አንድ ቀን ምስማር፣ አንድ ቀን ገመድ። ማታ ሲሆን ደግሞ «እስቲ ያን ቅባት አቀብዪኝ፣ ወገቤ አልቆልኛል» ይላሉ። እርጅና ነው ብላ አዘነችላቸው።

እመቤት በቀኝ በኩል ቀጥ ብላ መቆም በቻለችበት ቀን አሰልጣኟ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል። እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የቀሚስ ጠርዝ በእጃቸው ይሰፋሉ። አስር አለቃው የሰው ድምፅ ሰምቶ ጓዳ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«ተምራለች» አለችው ትንፋሿ ሳይመለስ። «በቀኝ መውጣት ትችላለህ።»

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁሉም በግራ፣ እኔ ብቻዬን በቀኝ? ያ ሁሉ ሰው እግሬን እንዲያይልኝ ነው?»

«ሰው ምን ቸገረኝ! እኔ የማየውን አውቃለሁ።»

«እኔን ይቸግረኛል። አዝነሽልኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

አሰልጣኟ አላለቀሰችም፤ የሻለቃ ልጅ ናት።

«እመቤት ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችውን በስተርጅናዋ ትታልሃለች» አለች ቀስ ብላ። «በየጠዋቱ እየተንቀጠቀጠች፣ እየፈራች። አንተ አንድ ጠዋት መፍራት አቃተህ? የምወደው ሰው እንዲህ ፈሪ አይመስለኝም ነበር።»

የምወደው የሚለው ቃል ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። እናቱ መርፌያቸውን እንደያዙ እስከ በሩ ሸኟትና እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

የምስጋናው ቀን ደረሰ። ወንበሮቹ ሞሉ። እናቶች፣ ሚስቶች፣ አባቶቻቸውን ለማየት አንገታቸውን የሚያሰግጉ ልጆች። ፈረሶቹ ተጭነው ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዱ ፈረስ ግራ ጋላቢው ቆሟል። እመቤት ብቻዋን ናት። አሰልጣኟ ልጓሟን ይዛ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። እናቷ እንዴት በር ይጠብቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

ሊጀመር ሲል አስር አለቃው ገባ። የክብር ልብሱን ለብሷል፤ እናቱ በእጃቸው ልክ አስገብተውለታል። ምርኩዝ አልያዘም። ሜዳውን በዝግታ አቋርጦ መጣና ከአሰልጣኟ ፊት ቆመ።

«እፈራለሁ» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ግን መጥቻለሁ።»

ከዚያ በእመቤት ፊት ዞሮ በቀኟ በኩል ቆመ። ከወንበሮቹ ጉርምርምታ ተሰማ። አንገቱ ቀላ፤ ግን ወይ ፍንክች!

ይሄኔ ሻለቃው ፈረሳቸውን እየሳቡ ከሰልፉ ፊት ወጡ። ወታደሮቹን ከዳር እስከ ዳር አዩአቸው።

«ሰልፍ!» አሉ በዚያ የጦር ሜዳ ድምፃቸው። «በቀኝ በኩል!»

ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ክንድ ያለውም፣ አንድ ዓይን ያለውም፣ በአንድ ጊዜ በፈረሱ ፊት ዞሮ በቀኝ ቆመ። አሰልጣኟ ትንፋሿን ያዘች፤ ሌሎቹን ፈረሶች በቀኝ ያስተማራቸው የለማ! ሊበረግጉ ነው ብላ ስትጠብቅ አንዱም ጆሮውን አላወዛወዘም።

«ውጣ!»

ሁሉም ወጡ። ሻለቃው በቀኝ፣ ጡሩምባ በቀኝ፣ አስር አለቃውም በቀኝ። ጤነኛ እግሩ እርካቡን ረገጠ፣ የተሠራው ዞሮ አለፈ፣ እመቤት እንደ ሐውልት ቆመችለት። ከሰልፉ ውስጥ እሱን ከሌላው የሚለየው ነገር አልነበረም። አሰልጣኟ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም፤ በእሱ ኮራች፣ በሁሉም ኮራች።

ሻለቃው ሰልፉን ወደ ወንበሮቹ መርተው አቆሙትና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኛን ልታመሰግኑ ነው የመጣችሁት» አሉ። «ዘንድሮ ግን ተራው የእኛ ነው። እኛ ስንዋጋ ደሞዝም፣ ማዕረግም ነበረን። እናንተ በር ስትጠብቁ ምንም አልተሰጣችሁም። እኔ ባለቤቴን አንድ ቀን አመሰግናለሁ ሳልላት አመለጠችኝ። እነዚህ ልጆች እንደ እኔ እንዲሆኑ አልፈልግም።» ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ለቤተሰብ፣ ሰላምታ!»

እጆች ሁሉ ወደ ግንባር ወጡ። አስር አለቃው እመቤትን ወደ እናቱ አስጠጋት።

«እማዬ፣ በእጅሽ የምትሰፊው ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ። «አመሰግናለሁ። ዛሬ ቤት ስንገባ መኪናውን ክፈቺው። አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

እናቱ የእመቤትን አንገት አቅፈው አለቀሱ። እመቤትም ለአንድ ቀን ኩራቷን ትታ ቻለቻቸው።

ከዚያ አስር አለቃው ፈረሱን አዞረና ሻለቃው ፊት ቆመ። ጀርባው ቀጥ ብሏል።

«ሻለቃ፣ ልጅዎን ለማግባት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ወታደር እንድታገባ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ እኔ ነኝ በር የምጠብቃት።»

ሻለቃው አዩት። ልጃቸውንም አዩ። ከዚያ ወገባቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ይሄን ሁሉ ፈረስ በቀኝ ያስተማረው ማን መሰለህ?» አሉት። «በዚህ ዕድሜዬ ወገቤን ያስቆረጥከኝ አንተ አይደለህ? በነጻ የቆረጥኩት መሰለህ እንዴ! ይልቅ እሷን ጠይቃት።»

አሰልጣኟ መኖው፣ ምስማሩ፣ ገመዱ፣ ቅባቱ ሁሉ አንድ ላይ ታወሳት። ሮጣ ሄዳ የአባቷን ጉልበት ከነእርካቡ አቀፈች። ቀና ስትል አስር አለቃው ከእመቤት ላይ እጁን ዘርግቶላታል። ያዘችውና በቀኝ በኩል ከኋላው ወጣች።