የዘገየው ምትክ

አለቃ ጊ ቴሺክ የሞቱት በገዛ የሶፍትዌር ኩባንያቸው የማሽን ክፍል፣ ኮምፒውተሮቹ በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ አፍኗቸዋል። እሳት ግን አልነበረም፤ አንድ ሰው የሐሰት ምልክት ልኮ ጋዙን ለቆታል። ቀድሞ መጮህ የነበረበት ደወልም ዝም ብሏል።

ኢንስፔክተር ሜንግ ሱኖክ ፓንግዮ ከተማ ወዳለው ኩባንያ ስትደርስ የአለቃው ምክትል ፕዮ ግዩቾል ወንጀለኛ አዘጋጅቶ ጠበቃት። በዚያ ሕንጻ ጥፋት ምንጊዜም ወደ ታች ነው የሚወርደው።

«ይቺ የኮንትራት ልጅ ናት» አለ ቦራም የምትባል ወጣት ፕሮግራም ሠሪ እያሳየ። «የደወሉን ፕሮግራም አውጥታ የራሷን አሻንጉሊት ፕሮግራም ተክታበታለች። አለቃ ኮንትራትሽን አላድስም ብለዋት ነበር።»

ካቴና ቦራም እጅ ላይ ሊገባ የቀረው የሜንግ አንድ ቃል ነው።

«አሻንጉሊቱ ያንቺ ነው?» አለቻት ሜንግ።

«የኔ ነው። እውነተኛው የደወል ፕሮግራም የሸጠልን ድርጅት ንብረት ስለሆነ ተቆልፏል፤ ከማሽን ክፍሉ ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ሥራችንን ስፈትሽ በሱ ቦታ ምትክ አቆማለሁ። ‹አለህ?› ሲሉት ‹አለሁ›፣ ‹ጩህ› ሲሉት ‹ጮኽኩ› ይላል እንጂ አይጮህም። ለፈተና ብቻ ነው።»

«ቶሎ ይመልሳል?»

«ወዲያው። የሻጩም መመሪያ እውነተኛው ወዲያው ይመልሳል ይላል።»

«እውነተኛውን ሞክረሽው ታውቂያለሽ?»

«የኮንትራት ሠራተኞች እዚያ ክፍል አንገባም።»

ሜንግ ወደ ዘበኛው ዞረች። «ጋሽ ኦም፣ ማን ይገባል?»

«አለቃ፣ ምክትሉና እኔ። እኔ እንኳን ከማሽን ከስልኬም ጋር አልተግባባሁም።»

ሜንግ ወደ ማሽን ክፍሉ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«እዚያ ያገኘሁት ምትክ ወዲያው አይመልስም» አለች። «ውሃ እስኪጎነጩ ያህል ቆይቶ ነው ‹አለሁ› የሚለው። እውነተኛውን መልሼ ስሞክረው እሱም ልክ እንደዚያው ይዘገያል፤ መመሪያው ተሳስቷል። የማሽኑ መዝገብ እንደሚያሳየው አለቃ በየጠዋቱ ‹አለህ?› ብለው ይጠይቁት ስለነበር፣ ገዳዩ እንዳይነቁበት የቦራምን ምትክ መዘግየት አስተማረው። ቦራም ይህን ማወቂያ የላትም። ጋሽ ኦም ክፍሉን እንጂ ሥራውን አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞተዋል።»

ፕዮ አልካደም። እንዲያውም እርካታ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ታላቅ ወንድሜ እዚህ ይሠራ ነበር» አለ። «ሰውዬው የራሳቸውን ጥፋት ላከኩበት። ራሱን ወንዝ ወረወረ፤ ድልድይ ላይ የተገኘው ጫማው ብቻ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬም ቢሆን ደግሜ እገድላቸዋለሁ።»

«አንተስ» አለች ሜንግ ካቴናውን እያወጣች፣ «ጥፋትህን በማን ላይ ላከክኸው?»

ፕዮ ዞር ሲል ቦራም ፊት ለፊቱ ቆማለች። እርካታው ከፊቱ ጠፋ።

«እኔም አልረሳም» አለችው።