የሐሚዳ ቶብ

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ ብዬ የተመኘሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ገንዳ ውሃ ከተማ፣ በምንይችል ልብስ ስፌት ቤት።

ከደባርቅ ወርጄ አክስቴ ዘንድ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነበር። ምንይችል እኔንና ሁለት ሴቶችን ከአሮጌ ጨርቅ አልጋ ልብስ መሥራት ያስተምረናል። መርፌ ገና አልያዝንም፤ መቁረጥ ብቻ። ጨርቁን አጥቦ በካውያ መተኮስ፣ ካርቶኑን አስጠግቶ በሳሙና ማስመር፣ በረጅሙ መሸንሸን፣ ከዚያ አራት ማዕዘን ማድረግ።

«እስከዳር፣ አንድ ጣት ትርፍ ተይለት እንጂ፤ ስፌቱ ይበላዋል» ይለኛል፣ መቀስ የያዘ እጄን እያቃና። ማታ ቤቴ ስገባ ከትምህርቱ የሚቀረኝ የእጁ ሙቀት ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

አንድ ቀን ክር ሊገዛ መተማ ዮሐንስ ሄደ። ሲመለስ ላስደንቀው አማረኝ። አሮጌ ጨርቅ ከሞላው ጆንያ ላይ ቡናማ አበባ ያለበት የደበዘዘ ረጅም ጨርቅ ተጣጥፎ አገኘሁ። ቁልፍ የለው፣ እጅጌ የለው። ደገኛ አይደለሁ፣ ከጣቃ የተረፈ መሰለኝ። ተኩሼ፣ አስምሬ፣ መቶ ቁራጭ አወጣሁለት። አንዷም አልተንሻፈፈች።

ምንይችል ከባጃጅ ሲወርድ፣ ገበያው ውስጥ ሻይ የሚሸጡት እማማ ሐሚዳ ከኋላው ገቡ።

«ቶቤን ዘመዘምክልኝ ወይ?» አሉት።

ቶብ! የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጥሙት ልብስ። ሲለበስ አይቼዋለሁ፤ ተጣጥፎ ግን አይቼው አላውቅም። ይሄኛው የእማማ ሐሚዳ ባል ከመሞታቸው በፊት ከሱዳኗ ጋላባት ያመጡላቸው ነው፤ ጫፉ ቢተረተር ለምንይችል አምነው ሰጡት።

ምንይችል ክምሩን አየ፤ እኔን አየ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እማማ። ተሳስቼ ነው» አለ።

«ወላሂ አንተ? የሟች ስጦታ?»

ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወጡ። እኔም እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እማማ ሐሚዳ በበሩ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩበት። ገበያተኛው «አደራ በላ» አለው። እሱ አንድ ቃል አልወቀሰኝም፤ እጄን ማቃናቱን ግን ተወ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

በስምንተኛው ቀን ቁራጮቹን በፌስታል ይዤ ሻይ ቤታቸው ሄድኩ። ሰው ሞልቷል። ሰዉ እስኪወጣ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ የሱ ስም የጠፋው በሰው ፊት አይደል እንዴ አልኩና ገባሁ።

«እማማ፣ ቶብዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ምንይችል ሊሸፍነኝ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፣ ዝም አልኩ።»



«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«አፍሬ ነው።»

ብዙ አዩኝ። አንዱን ቁራጭ አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አሳምረሽ ቆርጠሽዋል፣ አንቺ ክፉ» አሉ፣ ሳቅም እንባም እየተናነቃቸው። «በይ ሂጂና ስፉት። ሁለታችሁም!»

ተመልሼ ለምንይችል ነገርኩት።

«ማን ተናገሪ አለሽ? ችዬው ነበር እኮ።»

«እኔ አልቻልኩማ። ዓይንህን ማየት አቃተኝ።»

ወንበሬን ከጥግ አንስቶ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከሱ ወንበር ጎን አስቀመጠው። ሦስት ሳምንት ትከሻ ለትከሻ ሆነን አልጋ ልብስ አድርገን ሰፋንላቸው።

እማማ ሐሚዳ ሁለት ዓመት ተኙበት። በሠርጋችን ቀን አጥበው ይዘውት መጡ።

«ስፌቱ በልቶት ለኔ አጥሮኛል፤ ለናንተ ይበቃል» አሉን። መቼም ውሸታቸውን ነው።

አሁን አልጋችን ላይ ነው። እንግዳ «ማነው እንዲህ አሳምሮ የቆረጠው?» ባለ ቁጥር ምንይችል ቀድሞ አይመልስም፤ እኔን ያያል። አንገቴን እደፋለሁ፣ ዛሬም አፍራለሁ።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።