ያልሟሟው ጨው

ሰውየው መተንፈስ አቁሟል፤ መሣሪያው ግን ገና ይተነፍሳል። ኢንስፔክተር ቆንጅት ከወልዲያ ተጠርታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማችው ያንን ድምፅ ነበር። ከአልጋው ራስጌ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች በባትሪ የምትሠራ አየር መሳቢያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የሟቹን ክፍል አየር ትስባለች።

ሟቹ ዶክተር ዘካሪያስ ነበር፤ የአየር ኬሚስት። ከአዲስ አበባ መጥቶ ቆቦ ዳር፣ አቶ እንዳለው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ከተከራየ ወራት አልፈውታል። ሥራው ላገሬው ተረት ይመስል ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ማዕበል ሲፈርስ የሚረጨውን ጨው ነፋስ አፋርን አሻግሮ ራያ ድረስ ያመጣዋል፤ እሱም ያንን ጨው ከአቧራና ከጭስ ለይቶ፣ ሰው ምን እንደሚተነፍስ ለማወቅ፣ በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ይይዛል። «ሰው ጨው በግመል ያስመጣል፣ የኛ ዶክተር በነፋስ!» እያለ ገበያው ይቀልድበት ነበር። በዚያ የ2001 ዓ.ም. የኅዳር ጠዋት ግን የሚቀልድ አልነበረም። ሰማዩ ራሱ ከአፋር በመጣ አቧራ አመድ መስሏል።

ሬሳው በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ከንፈሩ የሞተ ሰው ከንፈር አይመስልም፤ ቀልቷል። ከአልጋው አጠገብ አመድ የሞላው ማንደጃ ቆሟል። መስኮቱ ተዘግቷል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን አራጌ። «ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ሴትዮዋ ከሰል አስገባችለት፤ ዘግታበት ሄደች። ረስታም ይሁን አስባ፣ ሰው ሞቷል። ዛሬውኑ ማረፊያ ቤት አስገባታለሁ።»

ቆንጅት ወደ በረንዳው ዞረች። ይህች ሴት የሰው ፊት አታይም ይሏታል፤ እጅ ነው የምታየው። ፊት ተምሮ ይዋሻል፣ እጅ ግን ትምህርት ቤት አልገባም ብላ ታምናለች። በረንዳው ላይ የተቀመጠችውን ሴት እጆች አየች፤ የሻሿን ጫፍ ይፈቱታል፣ መልሰው ያስሩታል።

ዓሊማ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሰው ምግብ እየሠራች የምትኖር ሴት ነች። ዶክተሩን የምታበላው፣ የምታስታምመውም እሷ ነበረች። ሲነጋ ሞቶ ያገኘችውም እሷው።

«ኢንናሊላሂ! እንግዳ ገዳይ ይሉኛል፣ ልጄ። እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።»

«አብሽሩ እትዬ ዓሊማ። ከሰሉን መቼ አስገቡት?»

«ከሰዓት በኋላ፣ ብርዱ ሲነሳበት። ደጅ አቀጣጥዬ፣ ፍም ሲሆን ጨው ጣል አደረግሁበት። ጨው የከሰልን መርዝ ይበላዋል፤ ሽታውን ይገድላል፣ ሲንጣጣም ዝም ያሰኘዋል። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።»

«ሌላውም ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«እዚህ አገር የማያደርግ ማን አለ?»

«ከዚያስ?»

«መግሪብ ሳይደርስ ላብ ሲለው አወጣሁት። ወላሂ አወጣሁት! ፍሙን አመድ አልብሼ ማንደጃውን እዚሁ በረንዳ ላይ ተውኩት። እሱም እየተንገዳገደ ተነስቶ ያቺን ነጭ ወረቀቱን ቀየረ። ‹ልጄ ተኛ እንጂ!› ብለው ሳቀብኝ። መስኮቱን ከፍቼለት ሄድኩ።» የሻሿን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገች። «ማን ይመነኝ? ያየኝ የለ።»

ቆንጅት ጨውዋን እንድታሳያት ጠየቀች። ዓሊማ ከጓዳዋ ቅል አመጣች፤ ከአፋር ነጋዴዎች የገዛችው የጨው ድንጋይ በመጅ ተደቁሶ ነበር፣ ቡናማና ሻካራ። ቆንጅት ቆንጥራ በወረቀት ጠቅልላ ወሰደች። ሳጅን አራጌ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ሬሳ ተኝቶ ጨው መልቀም ምን ይሉታል!

ቀጥሎ ይርጋ መጣ። የዶክተሩ ባልደረባ ነው፤ ዋጃ ባለው ሌላው መሣሪያቸው ዘንድ አድሮ መርዶውን እዚያ ሰምቷል። ከትናንት በስቲያ ሁለቱ ሲጯጯሁ ግቢው ሁሉ ሰምቷልና ሳጅኑ በክፉ ዓይን አየው።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ይርጋ። «ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ እዚህ ጣሪያው ላይ የተከልነው መሣሪያ ወረቀት ነጭ ብናኝ ይይዛል። ጀሶ ነው። ደቡብ በኩል የሚሠራ ሕንፃ አለ፣ ገበያው አለ፣ የአቶ እንዳለው የጨው ወፍጮም አለ። ከየት እንደሆነ ንገረኝ አልኩት፤ አውቆታል። ‹መጀመሪያ ሰውየውን ላናግረው፣ ልጆች አሉት› ብሎ ደበቀኝ። እኔም ተናድጄ ወደ ዋጃ ሄድኩ።» ወደ አልጋው አየ። «ወባ እንደያዘው እያወቅሁ ጥዬው ሄድኩ።»

«ይህን የክፍሉን ወረቀት መቼ ነበር የሚቀይረው?»

«ሁልጊዜ ጀምበር ስትጠልቅ። ቢሞትም አያልፈውም።» ይርጋ የራሱን ቃል ሰምቶ ደነገጠ።

ቆንጅት የመሣሪያዋን ክዳን አስከፈተችው። ወረቀቱ ጠቁሯል። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ይታያሉ።

«ይህ ከባሕር የመጣው ጨው ነው?»

ይርጋ በማጉያ መነጽር አጎንብሶ አየና ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «የባሕሩ እንዲህ በዓይን አይታይም፤ ደቃቅ ነው። ይህ በእጅ የተበተነ ነው። እዚሁ ክፍል ውስጥ።»

ቆንጅት አቶ እንዳለው ቤት ስትደርስ እሱ ራሱ ደጅ ሆኖ ሥጋ እየጠበሰ ነበር፤ ለቀብር ለሚመጣው ዘመድ ነው አለ። ቆቦ ላይ የሱን ደግነት የማያወራ የለም። ለድሃ ጨው በነፃ ይሰፍራል፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ ይጠይቃል።

«ወንድሜ ነበር» አለ እንዳለው። «ትናንት ሮቢት ሄጄ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደክሞኝ ተኛሁ እንጂ፣ ገብቼ ባየው ኖሮ...»

ከሰሉ ጠሽ ጠሽ እያለ ተንጣጣ። እንዳለው ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዓይኑንም ሳይመልስ፣ እጁን ኮት ኪሱ ከትቶ አንድ ቁንጥር ጨው በተነበት። ከሰሉ ዝም አለ። ቆንጅት እጁን እንጂ ፊቱን አላየችም።

«ዓሊማ ላይ አትጨክኑባት፣ ኢንስፔክተር። ምስኪን ናት፤ ረስታ ነው።»

«የወፍጮዎን መጋዘን ባየው?»

«ዛሬማ በሐዘን ቀን! ሠራተኞቹም የሉ።» እጁ ሸሚዙ ላይ ወጣ፤ አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ ዳሰሰና ወረደ።

ስትወጣ ከራሱ ሱቅ ጨው ገዛች። ከዚያም ፍርድ ቤት ሄዳ የብርበራ ፈቃድ ጠየቀች። ሳጅን አራጌ እያጉረመረመ ተከተላት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አልጋው ባዶ ነው። መሣሪያዋ አሁንም ትተነፍሳለች፤ ቆንጅት እንዳትጠፋ አዝዛለች። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላባቸው ብርጭቆዎች ቆመዋል። ዓሊማ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ ከዚህ ክፍል ወደ እስር ቤት እንደምትሄድ አምናለች።

«ዶክተሩ ወረቀቱን የቀየረው ጀምበር ስትጠልቅ ነው» አለች ቆንጅት። «ሕይወቱን ሙሉ እንዲያ ነበር። ይህ ወረቀት ታዲያ የያዘው የሌሊቱን አየር ብቻ ነው። ጠቁሯል። ስለዚህ የገደለው ከሰል የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጨውም ተበትኖበታል።»

«ታዲያ ዓሊማ መልሳ አስገብታው ቢሆንስ?» አለ አራጌ።

«እኔም ያንን ጠየቅሁ። ይኸው የእትዬ ዓሊማ ጨው።» ብርጭቆው ውስጥ ጨምራ አማሰለች። ጨው ሟሟ፤ ጥቂት ቡናማ ደለል ብቻ ቀረ። «ይህ ደግሞ ከአቶ እንዳለው ሱቅ፣ የቆቦ ሰው የሚገዛው።» እሱም ሟሟ፤ ውሃው ጠራ። «አሁን ይርጋ፣ የወረቀቱን ቁራጭ። ግማሹን ለአዲስ አበባ ላቦራቶሪ አሽጌያለሁ።»

ይርጋ ቁራጩን በትንሽ ውሃ አጠበ። ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጥላሸቱ ተንሳፍፏል፣ ጨው ጠፍቷል። ከሥር ግን ነጭ ነገር አለ፤ መርፌ መርፌ የመሰለ።

«ጀሶ» አለ ይርጋ በሹክሹክታ። «የጣሪያው ጀሶ። ግን ሌሊት ነፋሱ ከአፋር ነበር፣ ከደቡብ አይደለም።»

እንዳለው ሳቀ። «እኔ ንጹሕ ጨው እንደምሸጥ አሁን አይታችኋል!»

«ለጎረቤት ንጹሑን ይሸጣሉ» አለች። «ሩቅ አገር የሚጫነው ግን ጀሶ የተቀላቀለበት ነው።» በሩ ላይ የነበረውን ፖሊስ ጠቀሰችው፤ ከተቆለፈው መጋዘን ጠዋት የተያዘውን ከረጢት አስገባ። አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረች። ውሃው እንደ ወተት ደፈረሰ፤ ጀሶው ቀስ ብሎ ወደ ሥር ዘቀጠ።

«መጋዘኑ ከወፍጮው በስተጀርባ ነው፤ ሰው አያየውም። ማንደጃው ከበረንዳው ተወስዶ ከሰሉ የተቀጣጠለው እዚያ ነው፤ አመዱን ወለሉ ላይ አግኝተነዋል። ይህ ድብልቅ ከዚያ በር አይወጣም፤ በከረጢት ተሰፍቶ መኪና ላይ ካልተጫነ። ቁልፉ አንድ ነው፣ አንገትዎ ላይ። ዶክተሩም ያናገረው ‹ልጆች አሉት› ያለውን ሰው ነው። እርስዎ ልጆች አሉዎት፤ ይርጋ ልጅ የለውም። እትዬ ዓሊማ መጋዘን የላቸውም።»

«ሰው ሊገድል የገባ ሰው ጨው ይበትናል?» አለ እንዳለው። ድምፁ ግን ከስቷል።

«እኔም እዚህ ላይ ነበር የተቸገርኩት፤ ሥጋ ሲጠብሱ እስካይዎት ድረስ። ከሰሉ ሲንጣጣ እጅዎ ሳይጠይቅዎት ኪስ ገባ። አመል ያወጣል ከመሐል፣ አቶ እንዳለው።»

እንዳለው እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ከሰሉ ሲንጣጣ ዶክተሩ ተገላበጠ» አለ በመጨረሻ። «የሚነቃ መሰለኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር... ሳላስበው በተንኩት።» ተነፈሰ። «ቀደም ብሎ ሲያናግረኝ ‹አንተ ተው እንጂ እኔ ለማንም አልናገርም› አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ? አላመንኩትም።»

«አልተናገረም» አለች ቆንጅት። «ለይርጋ እንኳ። ተጣልተው ሳለ፣ ስምዎን አልነገረውም።»

እንዳለው ቀና ብሎ ይርጋን አየው። ይርጋ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ ነው እንዳለው ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነው፤ ሳጅን አራጌ ካቴናውን ለማሰር እጆቹን ከፊቱ ላይ ማላቀቅ ነበረበት።

ሲወስዱት ዓሊማ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «የኔ ከሰል አይደለም?» አለች። «አልገደልኩትም?»

«አልገደሉትም፣ እትዬ ዓሊማ። መስኮቱንም የዘጋው እሱ ነው።»

ዓሊማ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች፤ ለዶክተሩ ገና አላለቀሰችለትም ነበር። ኋላ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና መደርደሪያውን አየች።

«ይርጋ ልጄ፣ አጥፋት። በሰው ቤት ብቻዋን ትተንፍስ?»

ይርጋ ማጥፊያውን ተጫነው። ዓሊማ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው።